የጥበብ ገንዘብ ለማን ይደርሳል? ከሰሜን ሸዋ ለደረሱን ደብዳቤዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የደረሱንን፣ ኪነ ጥበብን በገንዘብ የሚደግፉ ተቋማት ስለ ፍትሐዊነትና ስለ ባህል ፖሊሲ የሚያካሂዱትን ምክክር የሚመለከቱ ጥያቄዎች በአንድነት እንመልሳለን። ደብዳቤዎቹ ከርዝመታቸው የተነሣ አጥረው ቀርበዋል፤ የጸሐፊዎቹም ስም አልተጠቀሰም።

ከደብረ ብርሃን

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የአንድ የወጣቶች የኪነት ቡድን አስተባባሪ ነኝ። ለኪነ ጥበብ ገንዘብ የሚሰጡ የውጭ ድርጅቶች በየጊዜው እየተሰበሰቡ ስለ ፍትሐዊነት እንደሚመካከሩ እሰማለሁ። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ተሰብስበውስ ምን ይሠራሉ? የሚነጋገሩት ነገር እዚህ ደብረ ብርሃን ድረስ የሚመጣበት መንገድ አለ ወይስ በዚያው ይቀራል?»

ለኪነ ጥበብ ገንዘብ የሚሰጡት አካላት ብዙ ዓይነት ናቸው። ከመንግሥት በጀት እየተመደበላቸው ለአርቲስቶችና ለማኅበራት የሚያከፋፍሉ የጥበብ ምክር ቤቶች አሉ፤ ከባለሀብቶች ውርስና ስጦታ የተቋቋሙ የግል ፋውንዴሽኖች አሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንደምናውቃቸው የኤምባሲ የባህል ተቋማት፣ እንዲሁም እንደ ዩኔስኮ ያሉ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም አሉ። የመንግሥታቱ የጥበብ ምክር ቤቶችና የባህል ተቋማት የሚገናኙበት ትልቁ መድረክ የዓለም የኪነ ጥበብና የባህል ጉባኤ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2000 በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ ነው። መቀመጫውን ሲድኒ ያደረገው የእነዚሁ ተቋማት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም የተመሠረተው እዚያው ጉባኤ ላይ ነበር። ጉባኤው ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ዓመቱ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ የተካሄደ ሲሆን፣ አፍሪካ ያስተናገደችው እ.ኤ.አ. በ2009 በጆሐንስበርግ ነው፤ በ2023 በስቶክሆልም፣ በ2025 ደግሞ በሴኡል ተደርጓል። የባህል ሚኒስትሮች በበኩላቸው በዩኔስኮ ጥሪ እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ2022 በሜክሲኮ ከተማ፣ በ2025 በባርሴሎና ተሰብስበዋል። በአሜሪካም ለጥበብ ገንዘብ የሚሰጡ ፋውንዴሽኖች «ግራንትሜከርስ ኢን ዘ አርትስ» በሚባል ማኅበር ሥር ተደራጅተው ጉባኤ ያካሂዳሉ።

በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ገንዘብ አይከፋፈልም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጉባኤ ሲባል የሚመስለው ቼክ የሚፈረምበት ቦታ ነውና። የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። በትልቁ አዳራሽ ንግግር ይደረጋል፣ የአቋም መግለጫ ይወጣል፤ ዋናው ነገር ግን የሚሠራው በትናንሾቹ ክፍሎች ውስጥ፣ የድጋፍ መርሐ ግብሮችን በየዕለቱ የሚያስተዳድሩት ባለሙያዎች «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥሪ አውጥተን ከገጠር አንድም አመልካች አልመጣም፤ እናንተ ምን አደረጋችሁ?» እየተባባሉ በሚጠያየቁበት ጊዜ ነው። ገንዘብ ጠያቂዎች ወደ እንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ የማይጋበዙት ምክክሩ ወደ ልመናና ወደ ማግባባት እንዳይለወጥ ተብሎ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ውጤቱ ግን ስለ ፍትሐዊነት የሚመክረው ጉባኤ ፍትሕ የጎደለበትን ሰው ሳይሰማ እንዲበተን ማድረጉ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አርቲስቶችና የማኅበረሰብ ተወካዮች አበልና የጉዞ ወጪ እየተከፈላቸው በተናጋሪነት መጋበዝ የጀመሩት ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

ፍትሐዊነት የጉባኤዎቹ ዋና አጀንዳ እንዲሆን ያስገደደው በቁጥር የወጣው ሐቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት የዓመት በጀታቸው ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆኑት ትልልቅ የጥበብ ተቋማት፣ ማለትም ኦፔራዎች፣ ሙዚየሞችና ሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች፣ በቁጥር ከጠቅላላው 2 በመቶ እንኳ ሳይሞሉ ለዘርፉ ከሚሰጠው ገንዘብ 55 በመቶውን እንደሚወስዱ አሳየ። ጉባኤ በጉባኤ ላይ ተደረገ፣ ብዙ ተነገረ፣ ብዙም ተጻፈ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ተመሳሳይ ጥናት ሲወጣ የእነዚያው ጥቂቶች ድርሻ ወደ 58 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነጭ ያልሆኑ ማኅበረሰቦችን ማገልገልን ዋና ተግባራቸው ላደረጉ ተቋማት ከፋውንዴሽኖች የጥበብ ገንዘብ የደረሰው ደግሞ 4 በመቶ ብቻ ነበር። እነዚህን ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ በመግለጫ ላይ «ፍትሐዊነት» የሚል ቃል መጻፍ የገንዘቡን መንገድ አልለወጠውም። የማመልከቻው ቅጽ፣ የመምረጫው መስፈርትና ገምጋሚው ኮሚቴ እንደ ድሮው ሆነው ከቀጠሉ ገንዘቡም የሚያውቀውን ቤት ፈልጎ ይገባል።

እርስዎ ዘንድ የሚደርስበት መንገድም ይኸው ቅጽ ነው። በጉባኤዎቹ ላይ የተነሣ ሐሳብ ጊዜ ወስዶ በድጋፍ ጥሪዎች ላይ አዲስ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። «በሥራው ላይ ሴቶች በምን ደረጃ ይሳተፋሉ?» «ማኅበረሰቡ በውሳኔው ውስጥ ምን ድርሻ አለው?» የሚሉትን ጥያቄዎች ያዩ እንደሆነ ምንጫቸው እዚያ ነው። ብዙ ቡድኖች ይህን መስመር ለወጉ ያህል በሁለት ዓረፍተ ነገር ሞልተው ያልፉታል፤ ገምጋሚው ግን ነጥብ የሚሰጥበት ቦታ ነው። የእርስዎ ቡድን ድራማ የሚያዘጋጀው የሠፈሩን ሰው ታሪክ እየሰበሰበ ከሆነ፣ የሰበሰበው ማን እንደሆነ፣ ባለታሪኮቹ ጽሑፉን ከመድረክ በፊት ሰምተው አስተያየት ሰጥተው እንደሆነ በዝርዝር ይጻፉ።

ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ

«እኛ የበግ ጸጉር ፈትለን ባና የምናሠራ ሴቶች ነን። ልጃችን የባህል ድጋፍ ጥሪ አንብባልን ለ‹አርቲስቶች› ነው የሚለው አለችን። እኛ አርቲስት እንባላለን ወይ? በወረዳው ለሸማኔዎች ድጋፍ መጣ ሲባልም እኛን የጠራን የለም።»

እናቶቼ፣ ጥያቄያችሁ ከሁሉም ደብዳቤዎች የሚከብደው ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ስለ ባህል ከተደረጉት ስምምነቶች ሁለቱ እናንተን በቀጥታ ይመለከታሉ። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የዩኔስኮ ስምምነት ስለማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሲሆን፣ ባህላዊ የእጅ ጥበብ ዕውቀትን በግልጽ ይጠቅሳል። ኢትዮጵያ መስቀልን፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ የገዳ ሥርዓትንና ጥምቀትን ያስመዘገበችው በዚህ ስምምነት መሠረት ነው። የ2005ቱ ስምምነት ደግሞ ስለ ባህላዊ መገለጫዎች ብዝኃነት ሲሆን፣ የባህል ሸቀጥና አገልግሎት የሚያመርቱ ሰዎች የሚደገፉበትን ፖሊሲ ይመለከታል፤ ኢትዮጵያም ይህን እ.ኤ.አ. በ2008 አጽድቃለች። ስለዚህ ባና የምትሠሩ እናንተ በቅርስ ጠባቂነትም በባህል አምራችነትም ቦታ አላችሁ። «አርቲስት» የሚለው ቃል በጥሪው ላይ ሲጻፍ በሐሳብ የሚመጣው ዘፋኝና ሠዓሊ ብቻ መሆኑ የጥሪ አውጪው ጉድለት ነው፤ ጥሪው በግልጽ ካልከለከለ በስተቀር አመልክቱ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። ባና እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ድጋፉ ለምን እንዳልደረሳችሁ ወዲያው ይገባዋል። በጉ ይሸለታል፣ ጸጉሩ ይለቀማል፣ ይጸዳል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል፤ ይህ ሁሉ ብዙ ቀን የሚፈጅና አብዛኛውን በሴቶች እጅ የሚያልፍ ሥራ ነው። ፈትሉ አልቆ ወደ ሸማኔው ሲደርስ ግን ሥራው በሸማኔው ስም ይጠራል፤ ሸማኔውም ወንድ ነው። ወረዳው «ሸማኔዎችን መዝግቡ» ሲባል በሽመናው ላይ የተቀመጠውን ሰው ይመዘግባል፣ ሥልጠናውም አበሉም ለእርሱ ይሄዳል፤ ፈታይዋ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ማንም ሊበድላችሁ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ሥራውን ከመጨረሻው ጫፍ ብቻ ማየት የሚያመጣው ውጤት ነው። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ስትጽፉ ከሽለታ እስከ ልብስ ያለውን ደረጃ አንድ በአንድ ዘርዝራችሁ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የሚሠራው ማን እንደሆነና ስንት ቀን እንደሚወስድ አስፍሩ። ፍትሐዊነትን ለሚጠይቅ ለጋሽ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይቀርብም።

ይህ ጉዳይ በመንዝ ብቻ የሚታይ አይደለም። በሸዋ ምድር ሸክላ ሠሪው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና አዝማሪው ለዘመናት ያገለገሉትን ሕዝብ ንቀት ተሸክመው ኖረዋል። በአንኮበር ዙሪያ ማሰሮና ምጣድ የሚሠሩ፣ ማረሻ የሚያበጁ ሰዎች ያለ እነርሱ ማንም ገበሬ ቤቱን ማቆም ሳይችል «ቡዳ» እየተባሉ ተገልለዋል፤ በጋብቻም በመሬትም ተከልክለዋል። እኛ ዘንድ ስለ ጥበብ ገንዘብ ፍትሐዊነት መነጋገር ከዚህ ካልጀመረ ከውጭ የመጣን አጀንዳ መድገም ብቻ ይሆናል። የአሜሪካኖቹ ጉባኤ የዘርን ጥያቄ ያስቀደመው የእነርሱ ቁስል እዚያ ስለሆነ ነው፤ የእኛ ቁስል በእጅ ሙያ ላይ ያለው ንቀት ነው፣ መድኃኒቱንም ከራሳችን ታሪክ መፈለግ አለብን።

እናንተ አካባቢ ለዚህ የሚያስተምር ነገር አለ። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆያል፣ መክፈቻው ቀን በአባቶች ተወስኖ በይፋ ይነገራል፣ ከተነገረው ቀን በፊት ማጭድ ይዞ የተገኘም ይቀጣል። ለባለ መብቶቹ ይህን ያህል ግልጽና የተስተካከለ ሥርዓት በብዙ መሥሪያ ቤት አይገኝም። ነገር ግን ባለ መብት የሚባለው ከሁለቱ ቀደምት አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ የሚወለደው ብቻ ነበር፤ የመሬት አዋጁ በ1967 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ ከእነርሱ የማይወለደው ሰው ጓሳን ከዳር ሆኖ ነበር የሚያየው። የጥበብ ገንዘብም እንዲሁ ነው። በተጠሩት ሰዎች መካከል አያዳላ ይሆናል፤ ጥያቄው ማን ተጠራ የሚለው ነው፣ የእናንተ ደብዳቤም የጠየቀው ይህንኑ ነው።

ከዓለም ከተማ፣ መርሐ ቤቴ

«በወረዳችን የትምህርትና የባህል ሥራ ላይ የተሰማራሁ መምህር ነኝ። ለአገር ውስጥም ለውጭም ድርጅቶች የድጋፍ ጥያቄ በተደጋጋሚ አቅርበን አልተሳካልንም። ጉድለቱ የእኛ ነው ወይስ የእነርሱ?»

ከሁለቱም ወገን አለ፤ የእነርሱ ግን ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

ብዙዎቹ ቅጾች በእንግሊዝኛ ብቻ ይሞላሉ። በእንግሊዝኛ አሳምሮ መጻፍ የሚችል ሰው ያለው ማኅበር ደግሞ አዲስ አበባ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ቅጹ ከመከፈቱ በፊት የመጀመሪያው ምርጫ ተካሂዷል ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ «ያለፉትን ዓመታት የኦዲት ሪፖርት አያይዙ» ይላል። የአንድ ወረዳ የቲያትር ክበብ ኦዲተር ለመቅጠር የሚያወጣው ገንዘብ ድጋፉን አግኝቶ ከሚሠራው ድራማ ወጪ ሊበልጥ ይችላል። በሦስተኛ ደረጃ፣ አንዳንዱ ለጋሽ ገንዘቡን የሚከፍለው ሥራው ተሠርቶ ደረሰኝ ከቀረበ በኋላ ነው። ይህ አሠራር ለባለ ሀብት ማኅበር ምንም አይደለም፤ እናንተ ግን ከሸለቆ ማዶ ያለ ቀበሌ ድረስ ተዋንያንንና የድምፅ መሣሪያን ለማጓጓዝ መኪና ስትከራዩ የመኪናው ባለቤት ደረሰኙ እስኪወራረድ አይጠብቃችሁም። ገንዘብ ሰጪዎቹ በጉባኤዎቻቸው ላይ ሲመክሩበት የቆዩት ይህንኑ ነው፤ አንዳንዶቹም ማመልከቻን በአካባቢ ቋንቋ፣ በድምፅ ወይም በቪዲዮ መቀበል፣ ለትንንሽ ድጋፎች የኦዲት ግዴታን ማንሣት፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ውል እንደተፈረመ መልቀቅ፣ ለብዙ ዓመት የሚዘልቅና ለደመወዝና ለቤት ኪራይ ጭምር ሊውል የሚችል ድጋፍ መስጠት ጀምረዋል። ለጋሹ እነዚህን ይፈቅድ እንደሆነ ከማመልከታችሁ በፊት በደብዳቤ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ብዙ ሰው ሲጠይቅም ነው ደንቡ የሚለወጠው።

ከእናንተ በኩል ስላለው ጉድለት ደግሞ በግልጽ ልናገር። ለዚህ ዓምድ የላካችሁልን ማመልከቻ ቅጂ ሁለት ገጽ ተኩል ያህል ስለ አካባቢው ታሪክ ይናገራል፤ ሥራው ራሱ የተገለጸው በመጨረሻው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። በጀቱ ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል መስመር ከጠቅላላው ሲሶ ያህሉን ይዟል። ይህን ያየ ገምጋሚ ንባቡን እዚያው ያቆማል። ልዩ ልዩ የተባለውን አፍታቱት፤ የመኪና ኪራይ ለስንት ቀን፣ የውሎ አበል ለስንት ሰው፣ የመድረክ ጨርቅ ስንት ሜትር፣ የጄኔሬተር ነዳጅ ስንት ሊትር። እንዲህ ተዘርዝሮ የቀረበ ትንሽ በጀት ካልተዘረዘረ ትልቅ በጀት የበለጠ ይታመናል። የሥራውንም ሐሳብ ወደ መጀመሪያው ገጽ አምጡት፤ የለቅሶ ግጥሞችን ከአልቃሾች አፍ ለመሰብሰብና ለትምህርት ቤቶች ለማሳተም ያቀረባችሁት ሐሳብ እጅግ ጥሩ ነውና ተደብቆ መቅረት የለበትም።

ከ2005ቱ ስምምነት ጋር የተቋቋመውን ዓለም አቀፍ የባህል ብዝኃነት ፈንድ አንሥታችኋል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከአባል አገራት የፈቃድ መዋጮ ነው፤ ስምምነቱን ያጸደቁ ታዳጊ አገራት የመንግሥት ተቋማትና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እስከ 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ለሚደርስ ፕሮጀክት ሊያመለክቱ ይችላሉ። ፈንዱ ለአንድ ጊዜ ዝግጅት የሚሰጥ አይደለም፤ የሚፈልገው ፖሊሲን የሚያሻሽል ወይም የባለሙያዎችን አቅም የሚገነባ ሥራ ነው። ማመልከቻው አስቀድሞ በአገሪቱ የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ስለሚታይ ለብቻችሁ ከምትቀርቡ ከዞኑ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ጋር ብትጣመሩ ይሻላል።

ስለ ሕጋዊ ሰውነትም ጠይቃችኋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ከማናቸውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ እንዲያገኙ ይፈቅዳል፣ የአስተዳደር ወጪን ግን ከጠቅላላው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ይህ የፌዴራል አዋጅ የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭ ድርጅቶችንና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚንቀሳቀሱትን ስለሆነ፣ በመርሐ ቤቴና በአካባቢው ብቻ የሚሠራ ማኅበር የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ መሠረት ነው።

ከአንኮበር

«የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬም ገፍቷል። ስለ ባህላችን የውጭ ሰው ገንዘብና የውጭ ሰው ስብሰባ ለምን ያስፈልገናል? የራሳችን መንግሥት፣ የራሳችን ሕዝብ የት ሄደና?»

አባባ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከራስዎ አገር ይጀምራል። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱት አንኮበር ነው። ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ የሥዕል ተሰጥኦዋቸው እዚያ ታይቶ ወደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩትን ትልቅ የመስታወት ሥዕል ያላየ ትውልድ የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ዓይነት ዕድል በዚያ ዘመን የሚገኘው በንጉሡ በጎ ፈቃድ ነበር። በዚያው ዓመት በአንኮበር ተራራ ላይ በከሰል ግድግዳ ላይ ይሥል የነበረ፣ ማንም ያላየው ሌላ ልጅ እንዳልነበረ ማን ያውቃል? ቅኔ ቤቶቻችን ተማሪውን ያኖሩት በመንደሩ ሰው ቁራሽ ነው፤ ይህም የሚያስመሰግን ሕዝባዊ ድጋፍ ነው። ሆኖም ቆሎ ተማሪ ሆና ሴት ልጅ በዚያ በር የገባችው ስንት ጊዜ ነው? ፖሊሲ የሚያስፈልገው ዕድል ከሰው በጎ ፈቃድና ከመወለጃ ሠፈር ተላቅቆ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ነው።

መንግሥትን በተመለከተ ግዴታው በጽሑፍ አለ። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 91 መንግሥት ባህሎችን በእኩልነት እንዲያጎለብት፣ አቅም በፈቀደ መጠንም ኪነ ጥበብን እንዲያስፋፋ ይደነግጋል። የመጀመሪያው የባህል ፖሊሲ የጸደቀው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን በ2008 ዓ.ም. ተሻሽሏል። የጎደለው ፖሊሲውን ወደ ወረዳ የሚያወርድ የተለየ ገንዘብና ገንዘቡን ከፖለቲካ ግፊት ርቆ የሚያከፋፍል አካል ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1946 የጥበብ ምክር ቤታቸውን ሲያቋቁሙ የያዙት መርሕ መንግሥት የገንዘቡን መጠን ይወስናል፣ ለማን እንደሚሰጥ ግን ሚኒስትሩ አይወስንም የሚል ነበር። ይህ አሠራር በእነርሱም ዘንድ ጉድለት ነበረበት፤ ከሚኒስትሩ ቢያርቁትም ለንደን ላሉት ለታላላቆቹ ቤቶች ሲያደላ ኖሯል። ቢሆንም መነሻው ትክክል ስለሆነ ብንመረምረው ይጠቅመናል። የውጭ ገንዘብ ይህን ሊተካ አይችልም፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። ሌሎች የሚያጋጥማቸውን ችግር እንዴት እንደፈቱት ማዳመጥ ግን ከባህላችን ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም።

ከሸዋ ሮቢት

«በአካባቢያችን አማርኛ፣ ኦሮምኛና አርጎብኛ ይነገራል። የዞኑ የባህል ዝግጅት ሲደረግ ግን መድረኩ በአንድ ቋንቋ ይያዛል። ይህን ለማን እናቅርብ?»

በመጀመሪያ ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ በጽሑፍ ማቅረብ ነው፤ ግልባጩንም ለወረዳው ምክር ቤት። በተለይ የአርጎብኛ ተናጋሪዎች ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ የዘፈንና የተረት ቅጂ የማስቀረቱ ሥራ ዝግጅት እስኪመጣ ሊጠብቅ አይገባውም። ከአርጎባ ልዩ ወረዳ ጋር ተነጋግራችሁ በጋራ ብታመለክቱ ይበልጥ ተሰሚነት ታገኛላችሁ። በጥያቄያችሁ ውስጥ ተራ እንዲሰጣችሁ ብቻ ሳይሆን፣ ተራውን የሚያወጣው ኮሚቴ ውስጥ ሰው እንዲኖራችሁ ጠይቁ።

ከደብረ ሲና

«እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለጥበብ ገንዘብ የሚሰጡትን ሁሉ አንድ ላይ አሰባስቦ መምከር ይቻላል ወይ? ማንስ ይጠራል?»

ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም ይህ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ሰዎች ልብ ስለማይሉት ነው እንጂ በዞኑ ለጥበብ ገንዘብ የሚያወጣው ብዙ ነው። የዞኑና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የበዓል በጀት አላቸው። በደብረ ብርሃን ያሉት የብርድ ልብስ፣ የቢራና የሌሎች ምርቶች ፋብሪካዎች ለማስታወቂያና ለማኅበራዊ ኃላፊነት ገንዘብ ይመድባሉ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለምርምርና ለማኅበረሰብ አገልግሎት የሚያወጣው አለ። አድባራቱና መስጊዶቹ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ማኅበራትም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ ተነጋግረው አያውቁም፤ ስለዚህ ሁሉም ለአንድ በዓል መድረክ ባነር ሲያሠሩ ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራው ክበብ ልምምድ ቤት የሚከራይለት የለም።

ጠሪው የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ቢሆን ይመረጣል፤ ገንዘብ ሰጪ ድርጅት ብቻውን ከጠራው ስብሰባው የእርሱ ማስታወቂያ ይሆናል። ቀኑ ገበሬውና ባለ እጁ ነፃ በሚሆኑበት በበጋ ወራት ይሁን፣ የደብረ ሲና ገበያ ቀንም አይሁን። ከተሰብሳቢው እኩሌታ ያላነሰው ገንዘብ ጠያቂ ወገን ይሁን፤ ፈታይዋም፣ አዝማሪውም፣ ሸክላ ሠሪዋም የአንድ ቀን ገቢያቸውን ትተው ስለሚመጡ እንደ ባለሥልጣኑ አበል ይከፈላቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስለ ትልልቅ ሐሳቦች ከመነጋገር ይልቅ እያንዳንዱ ሰጪ ባለፈው ዓመት ለጥበብ ያወጣውን ገንዘብ፣ ለማን እንደሰጠና በየትኛው ወረዳ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፎ ይዞ ይምጣ። ያ ገጽ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሁሉም ካየው በኋላ ውይይቱ በራሱ መንገዱን ይይዛል። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ከገንዘቡ ምን ያህሉ ከደብረ ብርሃን ውጭ ላሉ ወረዳዎች እንደሚውል፣ ማመልከቻው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአርጎብኛ፣ በቃልም ጭምር እንደሚቀርብ፣ ገምጋሚዎቹም ከየሙያው ተመርጠው በየዓመቱ እንደሚቀያየሩ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይፈረም። የቃለ ጉባኤው ቅጂ በየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ አንድ ቅጂ ለዚህ ዓምድ ብትልኩልን ደግሞ በቀጣይ እትም እናትመዋለን።